ቆራሌ ከመጥራታችሁ በፊት፦ ሐኪም ጋራ ላይ አንድ ጋራዥ ስናጸዳ ያየነው

ጋራዡ መኪና ገብቶበት አያውቅም። ሐኪም ጋራ ላይ፣ ጀጎልን ቁልቁል ከሚያይ ግቢ ውስጥ የተሠራ የብሎኬት ክፍል ነው። የቤቱ ልጅ በቅርቡ ባጃጅ ገዝቷል፤ ውጭ ማሳደሩ እንቅልፍ ነስቶታል። ክፍሉ ግን እስከ ጣሪያው ሞልቷል። የተሰበረ የሽቦ አልጋ፣ የፔጆ 404 በርና ጎማ (ሐረር ውስጥ የፔጆ ዕቃ የሌለው ጋራዥ ጋራዥ አይባልም)፣ የጫት መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን፣ ሁለት የሲንገር ስፌት መኪና፣ የማይሠራ ሬዲዮ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለሉ የቆርቆሮ ሳጥኖች።

የልጁ ዕቅድ አጭር ነበር፦ ቆራሌ ጠርቶ ሁሉንም በጅምላ መሸኘት። አያቱ በርጩማ ጎትተው በሩ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ሳላየው አንድ ነገር አይወጣም» አሉ።

«አቦ ተይን! ይሄ ሁሉ እኮ ቆሻሻ ነው።» (ሐረር መሆኑን አትርሱ። እዚህ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ አያትም «አንቺ» ናት።)

እኛ የሄድነው ለማገዝ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀብን። ልጁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ አብዛኛው ዕቃ እውነትም ቆሻሻ ነበር። ግን የትኛው ቆሻሻ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ በር ላይ ቆሞ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ነው ይሄን የምንጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ጀጎል ውስጥ የሸሪፍ ሙዚየምን ያላየ የሐረር ልጅ ካለ ይሂድና ይይ። እዚያ የምታዩት ዕቃ አብዛኛው ከሰው ቤት የወጣ ነው፤ ከጓዳ፣ ከሳጥን፣ ከመደርደሪያ። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ለዓመታት የሐረርን የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ አልባሳትና የድምፅ ቅጂዎች ሲሰበስቡ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1998 የራሳቸውን ቤት የግል ሙዚየም አደረጉት። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ስብስቡ ወደ ራስ ተፈሪ ቤት ገባ። የእጅ ጽሑፎቹ ብቻ ከሺህ በላይ ናቸው። የድሮውን የሐረር መጽሐፍ ጥረዛ ሙያም ተምረው የተጎዱትን ይጠግናሉ። አስቡት፤ ያ ሁሉ አንድ ሰው ሳይሰበስበው ቢቀር መጨረሻው ወይ የውጭ አገር ገበያ ነበር፣ ወይ የምድጃ ማቀጣጠያ።

ሳጥኖቹን ስንከፍት ይሄ ነበር አእምሯችን ውስጥ። አንደኛው ልብስና የተበላ ሰነድ ነው። ሁለተኛው ውስጥ ግን በዓረብኛ ፊደል በእጅ የተጻፉ፣ ክራቸው የተበጠሰ ቅጠሎች ወጡ። ልጁ ስኮች ሊያመጣ ሮጠ። ያዝነው።

ስኮች የወረቀት ጠላት ነው። ማጣበቂያው ዓመታት ሲያልፉ ይቢጭና ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲላቀቅ ፊደሉን ይዞ ይነሳል። እርጥብ ጨርቅም አይነካው፣ ፀሐይ ላይም አይሰጣ፤ አንዳንድ የድሮ ቀለም ውኃ ሲነካው ይፈሳል። እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። የተበተኑ ቅጠሎችን «ላስተካክል» ብላችሁ አትደርድሩ፤ የተገኙበት ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው። ስልካችሁን አውጡና ከሳጥኑ ሳታነሱት አንድ ፎቶ፣ ከዚያ ገጽ በገጽ አንሱ። ፍላሽ አጥፉ፣ በመስኮት ብርሃን ይበቃል። ከዚያ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ያነበበልን ሰው እስኪገኝ ድረስ ምን እንደሆነ አላወቅንም። ጸሎት ሊሆን ይችላል፣ የመሬት ውል ሊሆን ይችላል። ሐረሪኛም ለዘመናት በዓረብኛ ፊደል ሲጻፍ ስለኖረ፣ ፊደሉን አይቶ ቁርዓን ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

በጨርቅ ከረጢት ደግሞ ሳንቲም ወጣ። እዚህ ላይ ልጁ በጣም ተደሰተ፣ እኛም ትንሽ አበረድነው። ሴትየዋ ያለችበት ትልቁ የብር ሳንቲም ማርያ ቴሬዛ ነው፤ ጠገራ ብር የምንለው። ላዩ ላይ 1780 ይላል። ይሄ ማለት ግን በ1780 ተመታ ማለት አይደለም! ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመቱት በሙሉ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተመቱትም ጭምር፣ ይሄንኑ ቁጥር ይዘው ነው የወጡት። ብሩ ብር ነው፣ ዋጋ አለው፤ ሚሊዮን ግን አያመጣም። ይልቅ ትንንሾቹንና የደበዘዙትን ልብ በሉ። ሐረር በአሚሮቹ ዘመን የራሷን ሳንቲም ያተመች ከተማ ናት። ማሐለቅ ይባላል። በአመድና በሎሚ ፈግፍጋችሁ «ስታበሩት» ጽሑፉን ነው የምታጠፉት። ባለበት ይቆይ።

ሲንገሮቹን ሲያይ ጎረቤት መጣ። «ቀይ ሜርኩሪ አለበት እኮ!» አለ። ኧረ አሁንም አልሞተም ይሄ ወሬ! እ.ኤ.አ. በ2009 ሳዑዲ ውስጥ ሰዉ የሲንገር መኪና ፍለጋ ገበያውን አጥለቅልቆት ነበር፣ መርፌው ሥር ቀይ ሜርኩሪ አለ ተብሎ። አሁን በቴሌግራም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስም ይዞራል። ቀይ ሜርኩሪ የሚባል በሚሊዮን የሚሸጥ ነገር የለም። «ለምርመራ ቅድሚያ ላኩ» የሚላችሁ ሰው ሌባ ነው። ሲንገሩ ግን ዘይት ሲጠጣ ሠራ፤ መኪና ግርግር ያሉ ሰፊዎች እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን መኪና ይወዱታል።

ከሁሉ በፊት መውጣት የነበረበት ግን ሌላ ነበር፤ እኛም ዘግይተን ነው ያስተዋልነው። የጫት መድኃኒት ጀሪካኑ። ምልክቱ ተልጧል፣ ከሥሩ የቀረ ፈሳሽ አለ፣ ከጎኑ የእህል ጆንያ። እንዲህ ያለ ጀሪካን ታጥቦ የውኃ አይሆንም፣ አይቃጠልም፣ ለቆራሌም አይሰጥም፣ ምክንያቱም ነገ ሌላ ቤት ዘይት ይቀዳበታል። ክዳኑን አጥብቁ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ለብቻው አድርጉ፣ የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። የፈነዳ የሬዲዮ ድንጋይና የመኪና ባትሪም እንደዚሁ ለብቻ፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ እርሳስና አሲድ አለ።

አሁን ወደ ሕጉ። ብዙ ሰው የሚፈራው «ካሳየሁ ይወስዱብኛል» ብሎ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ የቅርስ ባለቤት መሆን እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤቱ ግን ግዴታ አለበት፦ ማስመዝገብ፣ መጠበቅ፣ ለሌላ ሰው ከማስተላለፉ በፊትም ማሳወቅ። መንግሥት የመግዛት ቅድሚያ አለው። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ደግሞ ወንጀል ነው፤ ስለዚህ «ለውጭ ዘመድ በሻንጣ ልላክለት» የሚለውን እርሱት። መሠረት ስትቆፍሩ ያገኛችሁትን ደግሞ ወዲያው ማሳወቅ አለባችሁ። ሐረር ላይ የሚጠየቀው የክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ነው። እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ ይገባናል፤ ሰው ወረቀት ይዞ ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ሰልችቶታል። ግን በሌሊት በር ላይ መጥቶ «አሮጌ መጽሐፍ አላችሁ?» ለሚል ደላላ ከመሸጥ ይሻላል። ደላላው ምን እንደገዛ ያውቃል፤ የማታውቁት እናንተ ናችሁ።

በሦስተኛው ቀን ቆራሌው መጣ። የሽቦ አልጋውን፣ የዛገውን ቆርቆሮ፣ ጠርሙሱን፣ የፔጆውን በር ሳይቀር መዝኖ ወሰደ። አያትየው ለበሩ ትንሽ ተከራከሩ፣ ከዚያ ተዉት። የባሏ ታክሲ ነበር። ልጁ ይሄን አያውቅም ነበር፤ እኛ ፊት ነው የሰማው። ሮጦ የበሩን እጀታ ፈቶ አስቀረ።

ባጃጁ አሁን ውስጥ ያድራል። የእጅ ጽሑፉ ሳጥን መኝታ ቤት ገብቷል፣ ፎቶው ደግሞ የአምስት ዘመዶች ስልክ ላይ አለ፤ አንዱ ስልክ ቢጠፋ አራቱ አሉ።

አንድ ያላለቀ ነገር ቀርቷል። ከሬዲዮው ጀርባ አሥራ አንድ ካሴት አገኘን። አንደኛው ላይ በእስክሪብቶ «ሠርግ» ይላል። አያትየው የባላቸው ድምፅ አለበት ይላሉ። የካሴት ክር ሙቀት፣ እርጥበትና ማግኔት ይጎዳዋል፤ በየዓመቱ ድምፁ ይሳሳል። ሻጋታ ያለበትን ወዲያው ቴፕ ውስጥ መክተት ክሩን ሊበጥሰው ይችላል፤ መጀመሪያ አድርቆ፣ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብሎ ወደፊትና ወደኋላ ማዞር ነው። ያንን አድርገናል። በአንድ ጊዜ አጫውተን ከሶኬቱ ወደ ስልክ ልንቀዳው ነው ያሰብነው፣ ምክንያቱም ሁለተኛ ላይሠራ ይችላል።

ቴፕ ግን የለንም። ሐረር ውስጥ በደንብ የሚሠራ፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው ቴፕ ያላችሁ፣ በኢንቦክስ ጻፉልን። ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ራሳችን መጥተን እንወስዳለን፣ ራሳችን እንመልሳለን።