መዋጡስ ተዋጠ

በባዶ እግሩ እየሮጠ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እሾህ ይወጋዋል፤ እናት ወይም ታላቅ እህት በመርፌ ፈልቅቃ ታወጣለታለች፤ ጫፉ ግን ተሰብሮ ይቀራል። በማግስቱ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል። ሰንበት ሲል መግል ይቋጥራል። አንዳንዴም የተወጋው የእግር ጣት ሆኖ ሳለ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣና ልጁ ያነክሳል። «እግሬን ተወግቼ ብሽሽቴን ለምን ያመኛል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ የተመራማሪ ጥያቄ ጠይቋል።

ለመልሱ በር የከፈተውም እሾህ ነው፤ ያውም የጽጌረዳ። በ1882 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኢሊያ ሜችኒኮቭ የተባለ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ በኦዴሳ የነበረውን የማስተማር ሥራ ለቅቆ በሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ቤተሰቡ የሰለጠኑ ዝንጀሮዎችን ሊያይ ሰርከስ ሲሄድ እሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ቤት ቀረ። የሚመለከተው የባሕር ኮከብ እጭ ነበር። የእጩ ሰውነት ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጡ የሚንከራተቱትን ህዋሳት ሳይቀዱት ማየት ይቻላል። ሜችኒኮቭ ድንገት አንድ ሐሳብ መጣለት፤ እነዚህ ተንከራታቾች ሰውነትን ከባዕድ ነገር የሚጠብቁ ቢሆኑስ? ወደ ግቢው ወጥቶ የጽጌረዳ እሾህ ቆረጠና እጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ነጋ። ሲነጋ ህዋሳቱ እሾሁን ዙሪያውን ከበው አገኛቸው።

ከግሪክኛ የተወሰደ ስም ወጣላቸው፤ ፋጎሳይት። በላተኛ ህዋስ ብንለው ያስኬዳል። የዘመኑ ሐኪሞች ግን ሐሳቡን ለመቀበል ተቸገሩ። ነጭ የደም ህዋስ ሆድ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን እነሱም አይተዋል፤ ነገር ግን ህዋሱ ጀርሙን ተሸክሞ በሰውነት ውስጥ የሚያሰራጭ ይመስላቸው ነበር። ሜችኒኮቭ በ1908 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ የተጋራው ከፖል ኤርሊኽ ጋር ነው፤ ኤርሊኽ ደግሞ መከላከያው ያለው ደም ውስጥ በሚሟሙ ንጥረ ነገሮች ነው ባይ ነበር። የሐኪሞቹን ጥርጣሬ በቀላሉ ባናጣጥለው ይሻላል፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

ህዋስ ዓይን የለውም። ባክቴሪያን ከገዛ ሰውነቱ የሚለየው በመዳሰስ ነው። ገላው ላይ ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች ተተክለዋል፤ እያንዳንዱ ተቀባይ ሰይፍ በሰገባው ልክ እንደሚገባ ሁሉ ከተወሰነ ዓይነት ሞለኪውል ጋር ይገጥማል። ተቀባዮቹ የሚፈልጉት ደግሞ ጀርሙ ሊጥላቸው የማይችላቸውን ነገሮች ነው፤ ለምሳሌ የባክቴሪያን ግድግዳ ወይም የሚዋኝበትን ጭራ የሠሩትን። ያለ ግድግዳው መኖር የማይችል ፍጡር ግድግዳውን አውልቆ ሊሸሸግ አይችልም። ቻርልስ ጄንዌይ ይህን በ1989 በሐሳብ ደረጃ ተነበየ። ከዚያ ዡል ሆፍማን በ1996 በፍራፍሬ ዝንብ፣ ብሩስ ቦይትለር በ1998 በአይጥ አረጋገጡት። ከዝንብ የተገኘው ቶል የተባለ ተቀባይ ዘመዶቹ በሰው ዘንድ 10 ናቸው።

አንዳንድ ባክቴሪያ ግን ያዳልጣል። የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስ ወፍራም ዝልግልግ ካባ ስለሚለብስ በላተኛው ሊጨብጠው ሲል ያመልጠዋል። ያኔ የኤርሊኽ ወገን ይደርሳል። ፀረ እንግዳ አካላትና ሌሎች የደም ፕሮቲኖች ካባው ላይ ይለጠፋሉ፤ በላተኛው ደግሞ ለእነሱ መያዣ አለው። እንግሊዛዊው አልምሮት ራይት ለእነዚህ ተለጣፊዎች ያወጣውን ስም የወሰደው ከግሪኮች ማዕድ ነው፤ ከዳቦ ጋር የሚቀርበውን ማባያ ከሚጠሩበት ስም። በእኛ ቋንቋ ወጥ ማለት ነው። ደረቅ እንጀራ አልወርድ ያለው ሰው ወጥ ሲጨመርለት እንዴት እንደሚያጣጥመው እናውቃለን።

ከጨበጠ በኋላ የህዋሱ ገላ እንደ ሊጥ ይለጠጣል፤ በግራ በቀኝ ክንድ አውጥቶ ጀርሙን ያቅፍና ጫፍና ጫፉን ይገጥማል። ጀርሙ አሁን ውስጥ ነው፤ በከረጢት ተቋጥሯል። ወዲያው አሲድና ቆራጭ ኢንዛይሞች የሞሉባቸው ሌሎች ከረጢቶች መጥተው ከሱ ጋር ይዋሃዳሉ። ከሁሉም ቀድመው ከሚደርሱት፣ ኒውትሮፊል ከሚባሉት ነጭ የደም ህዋሳት ዘንድ ደግሞ የባሰ አለ። ከኦክስጅን መርዛማ ውህዶችን ይሠራሉ፤ ከእነሱም አንዱ ልብስ ከምናነጣበት በረኪና ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ራሱ አረንጓዴ ነው፤ ጉንፋን ሲይዘን ንፍጣችን ወደ አረንጓዴ የሚያደላውም በሱ የተነሳ ነው። መግል የምንለው በአብዛኛው የእነዚህ ህዋሳት ሬሳ ነው።

እነዚህን የኦክስጅን መርዞች መሥራት ሳይችሉ የሚወለዱ ልጆች አሉ። ህዋሶቻቸው ያሳድዳሉ፣ ይጨብጣሉ፣ ይውጣሉ። አይገድሉም። ስለዚህ ሌላውን ሰው የማያሳስብ ባክቴሪያና ሻጋታ እነሱን ደጋግሞ ይጥላቸዋል። መዋጥና መግደል ለየቅል መሆናቸውን እንደዚህ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ማክሮፋጅ የሚባሉት ትልልቆቹ በላተኞች እየዋጡ ሳለ የኬሚካል ጩኸት ያሰማሉ። የአካባቢው የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ መቅላቱና መሞቁ ይህ ነው። ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሌሎች ህዋሳት ደግሞ የጀርሙን ቁራጭ ይዘው በሊምፍ ቧንቧ ሽቅብ ይጓዛሉ። መድረሻቸው ብሽሽት ላይ ያለው እጢ ነው። እዚያ ቁራጩን ቲ ህዋሳት ለሚባሉት ያሳያሉ፤ ከብዙ ሺህ መካከል የሚያውቀው ሲገኝ መባዛት ይጀምራል፣ እጢውም ያብጣል። ንፍፊቱ የተጠራ ሸንጎ ነው እንበል። ይህን መልእክተኛ ያገኘው ራልፍ ስታይንማን በ2011 ከሆፍማንና ከቦይትለር ጋር ኖቤል ተሰጠው፤ ዜናው ሲነገር ግን ከሞተ 3 ቀን ሆኖት ነበር።

ሸንጎው ለምን እንደሚያስፈልግ በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ካለው፣ ቁንጭር ከሚባለው የቆዳ በሽታ የተሻለ አስረጂ የለም። ሽኮኮ በሚኖርበት ገደል አካባቢ የአሸዋ ዝንብ ትነድፍና ሊሽማኒያ የተባለውን ጥገኛ ተዋህሲ ቆዳ ውስጥ ትጥላለች። ማክሮፋጁ እንደ ደንቡ ይውጠዋል። ሊሽማኒያ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው! ረጅም ጭራውን አሳጥሮ፣ ክብ ሆኖ፣ እዚያው አሲድ ውስጥ ይራባል። የቲቢ ባክቴሪያም ማክሮፋጅ ውስጥ ይደበቃል፤ ዘዴው ግን የአሲዱ ከረጢት እንዳይዋሃድ ማገድ ነው። ሊሽማኒያ አሲዱን ለምዶታል። የመሲናውን እሾህ ያጣጣሉ ሐኪሞች ይህን ቢያዩ ኖሮ «አላልንም?» ይሉ ነበር።

ማክሮፋጁ ሊሽማኒያን ለመግደል ትእዛዝ ይጠብቃል። ትእዛዙ የሚመጣው ከንፍፊቱ ከተመለሱት ቲ ህዋሳት ነው፤ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክት ሲደርሰው ማክሮፋጁ ይቆጣል፣ መርዙን ያጠነክራል፣ የዋጠውን ይፈጃል። የብዙ ሰው ቁንጭር ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ጠባሳ ትቶ የሚድነው በዚህ ምክንያት ነው። ትእዛዙ ሳይደርስ የሚቀርባቸው ጥቂቶች ግን አሉ፤ እብጠቱ ከፊት ወደ እጅና እግር ይዛመታል።

በመተማና በሁመራ ቆላ ያለው ካላዛር የሌላ ሊሽማኒያ ሥራ ነው። እሱ ጉበት፣ ጣፊያና መቅኔ ውስጥ ባሉት ማክሮፋጆች ይሰፍራል። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት የቀን ሠራተኛ እዚያ በካላዛር ሲያዝ ትእዛዝ ሰጪዎቹን ቲ ህዋሳት ቫይረሱ ቀድሞ ጨርሷቸዋል። መድኃኒቱ ተዋህሲውን ቢቀንሰውም በሽታው ደጋግሞ ያገረሻል። ከጣፊያው በመርፌ የተቀዳው ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ ማክሮፋጆቹ አሉ፤ በቦታቸው ናቸው፣ ውጠዋል፣ ሆዳቸው በጥቃቅን ነጠብጣቦች ጢም ብሎ ሞልቷል። ነጠብጣቦቹ በሕይወት አሉ።