ከዘይላ እስከ ኦቦክ፦ የቀፊራን ገበያ ከባሕር ያገናኙ የጠረፍ ከተሞች

ድሬዳዋ፦ ከከዚራ ወደ መጋላ የደቻቱን አሸዋማ ወንዝ የተሻገረ ሰው ብዙም ሳይርቅ ቀፊራ ገበያ ይደርሳል። ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ሽንኩርትና ድንች፣ ብርቱካንና ማንጎ፣ ከቆላው የመጣ የግመል ወተትና ፍየል በአንድ ስፍራ ይሸጣል፤ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ድርድር ውስጥ ሲፈራረቁ መስማትም የተለመደ ነው። ባሕር ከዚህ በሐዲድ ሲለካ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ይሁን እንጂ ገበያውም ሆነ ከተማው የተወለዱት በባሕር ዳርቻ ባሉ ጥቂት ሞቃታማ ከተሞች ምክንያት ነው።

ከእነዚህ ከተሞች አንጋፋዋ ዘይላ ናት። ዛሬ በሶማሌላንድ ውስጥ ከጅቡቲ ድንበር ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ትሁን እንጂ ለብዙ መቶ ዓመታት የሐረርና የአካባቢው ዋና የባሕር በር ነበረች። ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎብኝቷታል። ትልቅና ገበያዋ የደራ ከተማ መሆኗን ከመሰከረ በኋላ የዓሣዋና በየመንገዱ የሚታረዱት ግመሎች ሽታ እጅግ ስላስመረረው ሌሊቱን መርከብ ላይ ማደርን እንደመረጠ ጽፏል። በ1847 ዓ.ም ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተንም ጉዞውን የጀመረው ከዘይላ ነበር።

የሐረር ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳና ዝባድ ወደ ዘይላ ይወርድ ነበር፤ ጨርቅ፣ ቴምርና ብረታ ብረት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። በዚሁ መንገድ በባርነት የተያዙ ሰዎችም ወደ ዓረብ ምድር ይነዱ እንደነበር የጠረፉን ታሪክ የሚያነሣ ሁሉ ሊዘነጋው አይገባም። በግመል የሚደረገው ጉዞ ሳምንታትን ይጠይቃል፤ በየውኃ ጕድጓዱ ለአካባቢው ባላባቶች ግብር መክፈልና ጠባቂ መቅጠርም ግድ ነበር። ነጋዴው ዋጋውን የሚተምነው በዚህ ሁሉ ወጪ ላይ ተመሥርቶ ነው። የባሕር ንግድ በየብስ ጉዞ መወደዱ የዛሬ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዘይላ በስተሰሜን፣ በባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ታጁራ አለች። የአፋር ሱልጣኖች መናገሻ የሆነችው ይህች ከተማ የምታገለግለው ሐረርን ሳይሆን ሸዋን ነበር። በ1833 ዓ.ም ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ ነው በአፋር በረሃ አቋርጦ አንኮበር የደረሰው። ከአርባ ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ የጦር መሣሪያ ይዞ የመጣውም በዚሁ በር ነበር፤ ግመልና ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቀምጧል።

የዚህን ጠረፍ ዕጣ የለወጠው ግን የባቡር ሐዲድ ነው። ፈረንሳዮች በ1854 ዓ.ም ኦቦክን በውል ከያዙ በኋላ ቆየት ብለው ከባሕረ ሰላጤው በስተደቡብ የተሻለ መልሕቅ መጣያ አገኙና ጅቡቲን ቆረቆሩ፤ የአስተዳደራቸውን መቀመጫም ወደዚያ አዛወሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሊያመራ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ተራራውን መውጣቱ ከባድና ውድ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ በ1895 ዓ.ም ቆመ። በዚያ ሜዳ ላይ የተመሠረተችው ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር፤ ጸንቶ የቀረው ስም ግን ድሬዳዋ ነው።

የባቡር ኩባንያው ቀጥ ያሉና ዛፍ የተተከለባቸው የከዚራ መንገዶችን ሲቀይስ፣ ነጋዴውና የአካባቢው ሰው ደግሞ ከወንዙ ማዶ መጋላን መሠረተ፤ ቀፊራ በዚህኛው ወገን ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው ገና በ1909 ዓ.ም ነበርና ድሬዳዋ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል ወደ ውስጥ አገር ለሚዘልቀው ንግድ ዋና መተላለፊያ ሆና ቆየች። ባቡሩ ያወረደውን ዕቃ ከዚህ ወዲያ የሚሸከመው ግመልና በቅሎ ነበር።

ጅቡቲ በተነሣች ቁጥር ዘይላ ወደቀች። እንግሊዞች ዘይላን ይዘው ቢቆዩም ከዚያ ወደ ሐረር የሚወጣ ሐዲድ አልዘረጉም፤ ሳምንታት የሚፈጀው የግመል ጉዞም ከባቡር ጋር መወዳደር አልቻለም። ባሕሩ በነበረበት ነው፤ መንገዱ ግን ትቷት ሄደ። አሁን በዘይላ የጥንት ገናናነቷን የሚያስታውሱት ሁለት ሚሕራብ ያለው የጥንት መስጊድ ፍርስራሽና ጥቂት የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ታጁራም በነጭ መስጊዶቿ ሥር ጸጥ ብላ ቀረች።

ተመሳሳይ ነገር በዚህ ትውልድ ዕድሜም ታይቷል። የአሰብ ወደብ እስከ 1990 ዓ.ም ድረስ የአብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ማለፊያ ነበር። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ መንገዱ ተዘጋ፤ በከተማዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወጡ፤ ንግዱም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የአሰብ መርከብ ማቆሚያ ከመጠቀም ወጣ እንጂ አልፈረሰም። የጠፋው ከጀርባው የነበረው አገር ነው።

የባሕር በር ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለ መርከብ ማቆሚያ ብቻ ይወራል። ከዘይላና ከአሰብ ታሪክ የሚታየው ግን ወደብ በራሱ ሀብት አለመሆኑ ነው። ሀብት የሚሆነው የሚጫንለት ምርት፣ የሚያደርሰው መንገድና በመንገዱ ላይ ሰላም ሲኖር ነው። ጅቡቲ ዛሬ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነውን የኢትዮጵያ የባሕር ንግድ ታስተናግዳለች። ንግዱ የተንጠለጠለበት ገመድ ግን ቀጭን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ ወር 2021 በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን በተነሣ ግጭትና ቁጣ ሐዲዱና አስፋልቱ ለቀናት ሲዘጉ የጭነት መኪኖች በየመንገዱ ቆመው ቀርተዋል።

ጅቡቲ በበኩሏ ያለዚህኛው ወገን መኖር ይከብዳታል። የሚታረስ መሬቷ እጅግ ጥቂት ነው፤ ዝናቧም በዓመት ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላባቸው ስፍራዎች ይበዛሉ፤ በክረምት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በመሆኑም አትክልትና ፍራፍሬው ከኢትዮጵያ ይሄድላታል። ከዐወዳይ የሚነሣው ጫት በየቀኑ ይላካል፤ ቅጠሉ ስለሚጠወልግ መዘግየት አይችልም፤ ጭነቱ በዘገየ ቀን ጅቡቲ ውስጥ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ከድሬዳዋ ማከፋፈያ የሚነሣው የኤሌክትሪክ መስመር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ለጅቡቲ ብርሃን እየሰጠ ነው። በ2017 ደግሞ በሲቲ ዞን ሐደጋላ ከተቆፈሩ ጕድጓዶች የመጠጥ ውኃ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ መሄድ ጀምሯል። ማዳበሪያ፣ ነዳጅና ስንዴ ወደዚህ ይመጣል፤ ውኃ፣ መብራትና ሽንኩርት ወደዚያ ይሄዳል።

ለአርሶ አደሩ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው የማዳበሪያው ጉዳይ ነው። ማዳበሪያው ከውጭ ተገዝቶ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ብትን ሆኖ ይራገፍና እዚያው በከረጢት ይሞላል፤ ከዚያ በባቡርና በጭነት መኪና ወደ ማዕከላዊ መጋዘኖች፣ ቀጥሎም ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይሄዳል። ከነዚህ ደረጃዎች አንዱ ሲደናቀፍ ጉዳቱ የሚታየው ወደቡ ላይ ሳይሆን መሬቱ ታርሶ፣ ዝናቡ ዘንቦ፣ ዘር ሲጠብቅ ነው። ወደቡ ላይ የሁለት ሳምንት መጓተት በመዝገብ ላይ ትንሽ ቁጥር ሊመስል ይችላል። ማሳው ላይ ግን የዘር ወቅት ማለፍ ማለት ነው። የመኪናና የመጋዘን ኪራይ፣ መርከቡ ሳይራገፍ ለቆመበት ቀን የሚከፈለው ቅጣትም ቢሆን ዞሮ ዞሮ በከረጢቱ ዋጋ ውስጥ ይገባል።

አሮጌው ባቡር በሚሠራበት ዘመን ይህ ሁሉ በቀፊራና በአካባቢው ገበያዎች በዓይን ይታይ ነበር። ከጅቡቲ የሚመጡ ሴት ነጋዴዎች በመንገደኛ ፉርጎ ልብስ፣ ሩዝና ፓስታ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ከጉምሩክ ጋር የነበረው ድብብቆሽም የከተማዋ የየዕለት ጨዋታ ነበር። ያ ሐዲድ እየደከመ ሄዶ ቆመ። በምትኩ የተዘረጋውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መደበኛ አገልግሎት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 መግቢያ ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ጭነቱ ገበያውን ሳይነካ ያልፋል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጣና ዓላማም በከፊል ይኸው ነው፤ የሚያልፈው ዕቃ እዚህ ቆሞ እንዲቀነባበር፣ እንዲታሸግና ሥራ እንዲፈጥር።

በጠረፉ ላይ ሌላም እንቅስቃሴ አለ። ለመቶ ዓመት ያህል ያንቀላፋችው ታጁራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 አዲስ ወደብ ተሠርቶላታል፤ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ባልሆ የሚወስደው አስፋልትም ከሁለት ዓመት በኋላ ተከፍቷል። ለአፋርና ለሰሜን ኢትዮጵያ ይህ አጭር መንገድ ነው። በስተምሥራቅ የበርበራ ወደብ ተስፋፍቶ ከወጫሌ ድንበር ጋር በአስፋልት ተገናኝቷል፤ ለጅግጅጋና ለምሥራቅ ሐረርጌ ገበያ የሚጠቅምም ይመስላል። አንዱ በር ሲጨናነቅ ሌላ መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በርበራም ሆነች ታጁራ ጭነት ካልመጣላት የዘይላ ዕጣ እንደሚጠብቃት የአካባቢው ታሪክ ያሳያል።

ከጠረፉ ከተሞች ሁሉ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ስሟን በሥጋት የሚያነሡት ግን ኦቦክን ነው። በታሪክ ስሟ የሚነሣው ባሕር አቋራጭ ጀብደኞች በሚገኙበት ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ጀልባዎቹን ኦቦክ ላይ እያሠራ በድሬዳዋ ደግሞ የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበረው። ዛሬ ኦቦክ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሻገር የሚሞክሩ ወጣቶች ዋና መነሻ ናት። ብዙዎቹ ከሐረርጌ፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከአርሲ የመጡ ናቸው። ከድንበር ጀምሮ በጅቡቲ በረሃ በእግር የሚጓዙ ብዙዎች ናቸው፤ በአሳል ሐይቅ አካባቢ ያለው ሙቀትና የውኃ ጥም ባሕሩን ሳያዩ ያስቀራቸው አሉ።

ባሕሩ ራሱ ሰፊ አይደለም። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ስፍራ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የስሙ ትርጉም ግን «የእንባ በር» ማለት ነው። ከኦቦክ በስተሰሜን በጎዶሪያ አካባቢ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 2019 ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በሚያዝያ 2024 በዚያው ወር ውስጥ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው በመጀመሪያው ቢያንስ 38፣ በሁለተኛው ከ20 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። በሚያዝያው አደጋ የሞቱት ወደ የመን እየሄዱ አልነበረም። በየመን ጦርነትና እንግልት ተማረው ወደ ጅቡቲ እየተመለሱ ነበር፤ ከመካከላቸው ሕፃናትም ነበሩ።

ደላሎች ለወጣቶች የሚነግሩት ስለ መሻገሩ እንጂ ስለዚህ መልስ ጉዞ አይደለም። በየመን ታግተው ቤተሰባቸው የማስለቀቂያ ገንዘብ እንዲልክ የሚጠየቅባቸው ብዙዎች ናቸው፤ አንዳንድ ቤተሰብ ከብቱን የሚሸጠው፣ መሬቱን የሚያከራየው በዚህ ጊዜ ነው። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በኦቦክ ባቋቋመው ማዕከል ሕክምና፣ ምግብና ውኃ ያቀርባል፤ ወደ አገራቸው ለመመለስ የሚፈልጉትንም ይመዘግባል።