የሩሲያው ኮሚሳር
ክፍል 4

ባለፈው ሳምንት፦ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 1944 በአርዴን ጫካ በኩል ድንገት ሲያጠቁ፣ ከወጣቱ ሳጅን ጋር የሠለጠኑ ሁለት መርማሪዎች የገቡበት ጠፋ። ሁለቱም እንደ እሱ ከጀርመን የተሰደዱ አይሁዶች ነበሩ።

የቤልጂጉ ትምህርት ቤት ምድጃ ማገዶ ካለቀበት ቆይቷል። እስረኛው ግን የሚንቀጠቀጠው በብርዱ ብቻ አልነበረም። ፊት ለፊቱ አንድ የሩሲያ ኮሚሳር ደረቱን በሜዳሊያ ሞልቶ፣ ከጀርባው የስታሊንን ፎቶ ሰቅሎ ጠረጴዛውን በቡጢ ይደልቃል።

«መድፎቹ የት ናቸው?»

በጎን የቆመው አሜሪካዊ ሲጋራ ለኩሶ ለእስረኛው አቀበለው። «ወንድሜ፣ እኔ ለሩሲያ አሳልፌ ልሰጥህ አልፈልግም። ካልተናገርክ ግን ምን ላድርግህ?»

ሳይቤሪያን በስም ያነሳ የለም። ማንሳትም አላስፈለገም።

አንባቢ ይህን ተረት እንዳይለው። ጋይ ስተርንና ፍሬድ ሃዋርድ የተባሉ፣ የአሜሪካ ጦር መርማሪዎች በሚሠለጥኑበት በካምፕ ሪቺ ያለፉ ልጆች «ኮሚሳር ክሩኮቭ» የሚባል ሰው ፈጥረው በእውነት ሠርተውበታል። ስተርን የሩሲያ አነጋገሩን የቀዳው ከአሜሪካ ሬዲዮ ቀልድ ነበር። የእኛም ሳጅን ዘዴውን የወረሰው ከእነሱ ነው።

በ1938 ከሃምቡርግ ወደብ ለብቻው ሲሳፈር 15 ዓመቱ ነበር። ወላጆቹና ታናሽ እህቱ ቪዛ አላገኙም፤ ከ1942 ወዲህ ደብዳቤያቸው ተቋርጧል። አሜሪካም በመጀመሪያ የመዘገበችው የጠላት አገር ዜጋ ብላ ነው። ኋላ ግን ጀርመንኛውን ፈለገችውና ሜሪላንድ ወዳለው ካምፕ ሪቺ ላከችው፤ እዚያም የጀርመንን ጦር አደረጃጀት እንደ ዳዊት በቃሉ ወጣው። በዚያ ካምፕ ካለፉት ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከ2 ሺህ የሚበልጡት ከጀርመንና ከኦስትሪያ የሸሹ አይሁዶች ነበሩ።

በአንገቱ በሚያንጠለጥላት የብረት መታወቂያ ላይ «ኤች» የምትል ፊደል ተቀርጻለች፤ አይሁዳዊ መሆኑን ትናገራለች። ጀርመኖች ቢማርኩትስ? ሌሎች ፍቀው አጥፍተዋታል። እሱ እምቢ አለ፤ ቢሞት በመስቀል ሥር መቀበር አልፈለገም። ለእኔ ግትርነት ነው፤ ግን የ22 ዓመት ልጅን ማን ያሳምነዋል?

እስረኛው ካርታው ላይ አቀረቀረ። ጣቱ አንዲት መንደር ላይ አረፈ። «እዚህ ነው፣ ጌታዬ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አራት መድፍ።»

ኮሚሳሩ ሊያይ ጎንበስ ሲል መታወቂያዋ ከሩሲያው ኮት አንገትጌ ሹልክ ብላ ወጥታ ከካርታው በላይ ተንጠለጠለች።

ሳጅኑ አፈፍ አድርጎ ሸሸጋት። ነገር ግን ጊዜው አልፏል።

«እርስዎ ሩሲያዊ አይደሉም» አለ እስረኛው በቀስታ። መንቀጥቀጡን ትቷል። «ይህችን ፊደል አውቃታለሁ። ሻምበላችን ሁለት ሰዎችን ከምርኮኞቹ መሃል ለይቶ ሲያወጣ አንገታቸው ላይ አይቻታለሁ።»

ሳጅኑ የሩሲያ አነጋገሩ ጠፋበት። በሃምቡርግ ልጅ ጀርመንኛ «የት ወሰዳቸው?» አለ።

«ወደ ጫካው። ተኩስ ሰማን።»

«ሻምበሉስ? አሁን የት ነው?»

እስረኛው አልመለሰም፤ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። ከግድግዳው ማዶ ባለው ክፍል 30 ምርኮኞች የምርመራ ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

«ማዕረጉን ገንጥሎ ጥሏል» አለ። «የተራ ወታደር ኮት ነው የለበሰው።»

ይቀጥላል