ስልኩ የከፈተውን የመኪናው ቴፕ ለምን እምቢ ይላል?

አያት ያወሩት ተረት በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሆኖ ደረሰ እንበል። ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ልጆቹ መንገድ ላይ እንዲያዳምጡት ወደ ፍላሽ ተገልብጦ መኪናው ላይ ሲሰካ ግን ቴፑ ፋይሉን ጨርሶ አያየውም፤ ወይም ስሙን አሳይቶ ወደሚቀጥለው ዘፈን ያልፋል። ፍላሹም ፋይሉም ደህና ናቸው። የቴሌግራምና የዋትስአፕ የድምፅ መልእክቶች የሚታመቁት ኦፐስ በሚባል ፎርማት ነው። ኦፐስ የጸደቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ቴፕ አያውቀውም፤ ከዚያ ወዲህ ከተሠሩትም ብዙዎቹ እንዲከፍቱት ተደርገው አልተሠሩም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው የፋይሉን ቅጥያ አጥፍቶ በቦታው «ኤምፒ3» ብሎ መጻፍ ነው። ጆንያ ላይ የተጻፈውን መቀየር ግን ውስጡ ያለውን እህል አይቀይረውም። የአይፎን መቅጃ የሚያወጣው ኤም4ኤ ለምሳሌ ጆንያ ብቻ ነው፤ በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ኤኤሲ የሚባል ፎርማት ይገኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ የአፕል ሌላ ፎርማት። አንዱን ኤም4ኤ ያጫወተ ቴፕ ሌላውን እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ትክክለኛው ቅየራ ሁለት ሥራ አለው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የታመቀውን ፈትቶ ወደ ተራ ቁጥሮች ይመልሰዋል፤ ቀጥሎ በአዲሱ ፎርማት ደንብ እንደገና ያምቀዋል። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ በሁለቱም ጆሮ ሲታሰብ አንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ኤምፒ3 በሰከንድ በ128 ኪሎቢት (ይህ መጠን ቢትሬት ይባላል) ያንኑ ደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ያደርገዋል። የቀረው ዘጠኝ እጅ የት ሄደ?

አብዛኛው ተጥሏል። በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋም ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቹ ኤምፒ3ን ሲሠሩ የተመረኮዙት በጆሯችን ጠባይ ላይ ነው፤ ከበሮ በተመታባት ቅጽበት አጠገቡ ያለው ደካማ ድምፅ ለእኛ አይሰማም፣ ስለዚህ ቢቀርም አይታወቅም። ብልሃቱ ድንቅ ነው፤ ግን የሚቸገርበት ቦታ አለ። ድምፁን በአጫጭር ቁራጮች ከፋፍሎ ስለሚያምቅ ድንገት የሚፈነዳ ነገር ሲመጣ በማመቁ የሚፈጠረው ስህተት በመላው ቁራጭ ላይ ይበተናል። ጭብጨባና ጸናጽል የበዛበትን መዝሙር በ64 ኪሎቢት አምቃችሁ በጥሩ ማዳመጫ ስሙት፦ ጭብጨባው ከመድረሱ በፊት የደበዘዘ ሽውታ ይቀድመዋል፣ የጸናጽሉም ጥራት ጠፍቶ ሻካራ ይሆናል። የእኛ ዜማ ይህ ሁሉ ስላለበት በቢትሬት መሰሰት ያሳዝነኛል። ለዘፈንና ለመዝሙር 192 እና ከዚያ በላይ፣ ለንግግር ብቻ ከሆነ 64 ይበቃል።

አንዴ የተጣለ ደግሞ አይመለስም። በኦፐስ ተጨምቆ የመጣን የድምፅ መልእክት በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ማድረግ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ ድምፁን አያጠራውም። ይባስ ብሎ ከኤምፒ3 ወደ ኤኤሲ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ኤምፒ3 እየተደረገ በሄደ ቁጥር ከቀረውም ይቀነሳል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የኖሩ የድሮ ዘፈኖች ከውኃ ውስጥ የወጡ የሚመስሉት አንድም በዚህ ነው።

ቤታቸው ካሴት ያላቸው ሁሉ ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። በሠርግ የተቀዳ፣ የአባት ድምፅ ያለበት፣ ሌላ ቅጂ የሌለው ካሴት በቀጥታ ወደ ኤምፒ3 መቀዳት የለበትም። መጀመሪያ ድምፁን ሳያምቅ በሚያስቀምጠው በዌቭ ፎርማት ይቀዳ፤ የ60 ደቂቃ ካሴት ከ600 ሜጋባይት ጥቂት ያልፋል። ቦታ ካሳሰበ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚገኘው ፍላክ አለ፤ አንዲት ቁጥር ሳይጥል መጠኑን ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ያ ዋናው ቅጂ ሆኖ ይቀመጥ። ለመኪና፣ ለስልክ፣ ውጭ አገር ላለችው እህት የሚላከው ኤምፒ3 ምንጊዜም ከዋናው ይውጣ፤ ከሌላ ኤምፒ3 አይውጣ።

ፕሮግራሙን ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም። ቪኤልሲ ቪዲዮ ማጫወቻ ብቻ ይመስላል እንጂ በ«ሚዲያ» ዝርዝሩ ውስጥ መቀየሪያም አለው። ኤፍኤፍኤምፔግ በትእዛዝ ጽሑፍ የሚሠራ ስለሆነ ለጀማሪ ያስፈራል፤ ሙሉ ፎልደር በአንድ ጊዜ ለመቀየር ግን እሱን የሚስተካከል አላውቅም። ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ፋይል ተቀብለው የሚቀይሩ ድረ ገጾችም ሞልተዋል፤ የቤተሰብን ምስጢር የያዘ ድምፅ ግን ለማላውቀው ሰው ኮምፒውተር አልሰጥም።

ለመኪናው የሚሆነው ኤምፒ3፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ ቋሚ ቢትሬት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቴፑ ዝም ካለ ፍላሹ በምን ፎርማት እንደተደረገ ይታይ፤ ብዙ ቴፖች የሚያነቡት ፋት32ን እንጂ ኤንቲኤፍኤስን አይደለም። ወደ ፋት32 እንደገና ፎርማት ሲደረግ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ። አንዳንድ ቴፖች ደግሞ የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው በአማርኛ የተሰየመውን ፋይል በባዶ ሳጥን ረድፍ ያሳያሉ። ከስሙ ፊት 01፣ 02 እያሉ ቁጥር ማስቀደም ነው፤ ሾፌሩ የትኛው ተረት እንደሆነ በቁጥሩ ይለየዋል።