ያረጀ አውቶሞቢል ሕመሙን እንዴት እንደሚናገር

በቅሎ ስትታመም ገብስ መተዋን አይቶ ጌታዋ ያውቃል። አውቶሞቢልም ባረጀ ጊዜ ሕመሙን በድምፁና በአካሄዱ ይናገራል፤ የሚያስፈልገው የሚያዳምጠው ሰው ነው።

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ መኪና ዳገት ላይ ሲደክም ምክንያቱን ሁሉ ለተራራው መስጠት አይገባም። እርግጥ ነው፥ ከ3000 ሜትር በላይ ባለችው በነፋስ መውጫ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል። ነገር ግን ተራራው የሚቀንሰው እኩል አድርጎ ነው፤ አንድ ጊዜ እየሳበ አንድ ጊዜ እየለቀቀ የሚያንገጫግጨው የመኪናው ሕመም ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ መኪናውን በሜዳ አቁሞ፥ ማርሹን ነፃ አድርጎ ነዳጅ መስጠት ነው። ድምፁ ቆሞ ሳለ ከተሰማ ሕመሙን ከሞተሩ ወይም ከቺንጋው መፈለግ ይገባል፤ ሲሄድ ብቻ ከሆነ ከጎማ፥ ከኩሽኔታ ወይም ከክሮቼራ ነው። ሲነሣና ማርሽ ሲለወጥ ቋ የሚል እንደ ሆነ ክሮቼራው ሳይበላ አልቀረም። ፍሬን ሲያዝ ብረት ለብረት የሚፋጭ ከሆነ ግን ሳያሠሩ ቁልቁለት መውረድ ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው።

ጉልበቱ ለሚቆራረጥ መኪና ከሁሉ በፊት የነዳጁና የአየሩ ማጣሪያ ይታይ፤ እድፍና አቧራ ይደፍናቸዋልና። በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ ካንዴላው ይፈታ፤ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ በዝቶበታልና ካርቡራተሩ ለደጋው አየር ይስተካከል።

ክቡራን ሹማምንት ሆይ፥ ይህ ምርመራ ከክረምት በፊት ይደረግ። ዘርና ማዳበሪያ የጫነ መኪና በሰኔ መንገድ ላይ ቢቆም የሚዘገየው ሾፌሩ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው የዘር ወራቱን ያጣል፥ ያለፈውም ዝናብ ተመልሶ አይዘንብለትም።