ሕያው ማዳበሪያ ለጥራጥሬ ሰብሎች፦ ምንነቱና ትክክለኛ አጠቃቀሙ

በአንድ እፍኝ ጤናማ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ። እነዚህ ተሕዋስያን ፍግና የሰብል ተረፈ ምርትን አብላልተው ለሰብል ምግብነት ያዘጋጃሉ፤ የአፈሩን ቅንጣቶች በማያያዝም አፈሩ ውሃ እንዲይዝና በቀላሉ እንዳይሸረሸር ያግዛሉ። ከእነዚህ መካከል ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ተመርጦና ተባዝቶ ሕያው ማዳበሪያ በሚል ስያሜ ለአርሶ አደሮች ይቀርባል።

ሕያው ማዳበሪያ እንዴት ይሠራል?

ከአየር ውስጥ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ቢሆንም ዕፅዋት በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ራይዞቢየም በጥራጥሬ ሰብሎች ሥር ላይ ዕጢ ሠርቶ ይኖራል። ተክሉ ለባክቴሪያው ምግብ ሲሰጥ፣ ባክቴሪያው ደግሞ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል ንጥረ ነገር ይለውጣል። ሥሩና ተረፈ ምርቱ በማሳው ላይ ሲቀርም በቀጣዩ ወቅት የሚዘራው ስንዴ ወይም ጤፍ ተጠቃሚ ይሆናል።

በአጠቃቀም ወቅት ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

በፀሐይ ወይም በሙቀት የሞተ ማዳበሪያ በመልኩ ከሕያው አይለይም። አርሶ አደሩ ጉዳቱን የሚረዳው የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለሆነ የሚከተሉትን ማክበር ያስፈልጋል፦

1. ለሚዘራው ሰብል የተዘጋጀውን መምረጥ። ለባቄላ የተዘጋጀው ለሽምብራ ወይም ለአኩሪ አተር አያገለግልም።
2. የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ማረጋገጥና እስከ ዘር ቀን ድረስ በቀዝቃዛና ጥላማ ቦታ ማስቀመጥ።
3. በአገራችን በብዛት የሚቀርበው የ125 ግራም እሽግ ለአንድ ጥማድ ወይም ለሩብ ሔክታር ማሳ የሚሆን ዘር ለማሸት ይውላል።
4. ዘሩን በጥላ ሥር በጥቂት የስኳር ውሃ አርሶ ማዳበሪያው ሁሉንም ፍሬ እስኪለብስ በቀስታ ማሸት።
5. ዘሩን በጥላ ሥር አናፍሶ በዕለቱ እርጥበት ባለው ማሳ ላይ መዝራትና ወዲያውኑ አፈር ማልበስ።
6. በፀረ ፈንገስ ኬሚካል ከታሸ ዘር ጋር አለመቀላቀል።

ሕያው ማዳበሪያ ሁሉንም ይተካልን?

አይተካም። ሰብሉ ፎስፈረስ ያስፈልገዋል። በአንጻሩ ብዙ ዩሪያ መጨመር ዕጢው እንዳይፈጠር ያደርጋል። አፈሩ በጣም አሲዳማ ከሆነም ባክቴሪያው ስለሚዳከም አስቀድሞ በባለሙያ ምክር በኖራ ማከም ተገቢ ነው።

ውጤቱ እንዴት ይታወቃል?

ሰብሉ ማበብ ሲጀምር ጥቂት ተክሎችን ከነአፈራቸው በጥንቃቄ ቆፍሮ በማውጣት የሥሩን ዕጢ መሰንጠቅ ይቻላል። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ናይትሮጅን እያዘጋጀ አይደለም። እንዲህ ያለ ሁኔታ ያጋጠማቸው አርሶ አደሮች ለቀበሌያቸው የግብርና ልማት ሠራተኛ በወቅቱ እንዲያሳውቁ ይመከራል። አቅርቦትን የሚመለከት መረጃም በየወረዳው ከሚገኙ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ማግኘት ይቻላል።