በወረርሽኝ ወቅት በወጣት ማዕከላትና በማኅበረሰብ አገልግሎት የሕፃናትና ወጣቶች ደኅንነት ጥበቃ

የኮቪድ-19 በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ ባሉት ቀናት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ስብሰባዎችም ተገድበዋል። እንዲህ ያለው እርምጃ የቫይረስን ሥርጭት ለመግታት አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ልጆችን ከመምህር፣ ከአሠልጣኝና ከጎረቤት ዓይን ያርቃል፤ በቤቱ ጥቃት የሚደርስበትም ልጅ ከአጥቂው ጋር ውሎ እንዲያድር ያስገድደዋል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢቦላ ወረርሽኝ በሴራሊዮን ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት ጊዜ የታዳጊ ልጃገረዶች እርግዝና መጨመሩ የአደጋውን ክብደት ያሳያል።

የኃላፊው ድርሻ

የወጣት ማዕከል ወይም የበጎ ፈቃድ ቡድን ኃላፊ የጥበቃውን ሥራ በስም ለታወቀ አንድ ተጠሪና ለአንድ ምትክ መስጠት ይኖርበታል። ተጠሪው ቢታመም ወይም ለይቶ ማቆያ ቢገባ ሥራው መቋረጥ የለበትም። በወረርሽኙ ምክንያት በጥድፊያ የሚመለመሉ በጎ ፈቃደኞችም ማንነታቸው ሳይጣራና የሥነ ምግባር ደንቡን ሳይፈርሙ ከልጆች ጋር ሊሰማሩ አይገባም።

የቤት ለቤት ጉብኝት

ጉብኝቱ ሁለት ሆኖ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ በማድረግና ሁለት የአዋቂ እርምጃ በመራቅ ይከናወናል። ልጁን ከደጅ፣ ሰው በሚያየው ነገር ግን ንግግሩ በማይሰማበት ቦታ ማነጋገር ይመረጣል። በስልክ ሲሆን ማንም አጠገቡ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከልጆች ጋር በግል ስልክ በምስጢር መልእክት መለዋወጥ የተከለከለ ነው።

ልጅ ጥቃት ሲናገር

ሰሚው በእርጋታ ያዳምጣል፤ ልጁ ጥፋተኛ አለመሆኑን ይነግረዋል። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ግን ቃል አይገባም፤ ለመርዳት የግድ የሚነገራቸው ጥቂት ሰዎች እንዳሉ ያስረዳል። የተባለውን በልጁ አነጋገር ጽፎ በዚያው ቀን ለተጠሪው ያስረክባል። ልጁን ደጋግሞ መመርመርም ሆነ ተጠርጣሪውን ማነጋገር የእርሱ ሥራ አይደለም።

ተጠሪው ጉዳዩን ለፖሊስና የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። በልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ወንጀል በመሆኑ በሽምግልና ወይም በካሣ ተሸፍኖ ሊቀር አይገባም። ፆታዊ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ሳይዘገይ ጤና ተቋም መድረስ አለበት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነውና። ኮቪድን ፈርቶ ሕክምናን ማዘግየት ይህን ዕድል ያሳጣል።

የተጠሪው ስምና የፖሊስ ስልክ 991 በማዕከሉ በር ላይ ከውጭ በኩል መለጠፍ አለባቸው፤ በሩ ቢዘጋም ሊነበቡ ይችላሉ።